ሌሊት በአውሮፕላን ድምፅ ለተቸገሩት እህታችን፦ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ መዝገብ ቤቱን

ቡልቡላ አዲስ ወደ ገዙት አፓርታማ ከገቡ ወዲህ ሕፃን ልጅዎ ሌሊት በአውሮፕላን ድምፅ እየባነነ መቸገርዎን ገልጸው፣ መስታወት ማስቀየር ያዋጣ እንደሆነና አቤት የሚባልበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በቦሌ ሚካኤል፣ በማኮብኮቢያው ምዕራባዊ ጫፍ በኩል ሁለት ልጆች ያሳደግሁ እናት ስለሆንሁ የእርስዎን ችግር እንደ ራሴ አውቀዋለሁ። በሁለቱም ጥያቄዎች ብዙ ስለደከምሁ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

በመጀመሪያ «ይለመዳል» የሚልዎትን ሁሉ አይስሙ። ሰው ከእንቅልፉ ባይነቃ እንኳ ድምፁ ባለፈ ቁጥር የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ከፍ እንደሚል በጥናት የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ ከቤት ውጭ ሲለካ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ አጥብቆ የመከረውም ያለ ምክንያት አይደለም። «አየር ማረፊያው ወደ ቢሾፍቱ ሊሄድ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» የሚለውን የደላላ ወሬም ይተዉት፤ አቡሴራ ላይ የታሰበው አየር ማረፊያ ዓመታት የሚፈጅ ግዙፍ ሥራ ነው፣ ልጅዎ ግን መተኛት ያለበት ዛሬ ነው።

የሌሊቱ በረራም በቀላሉ የሚቀር እንዳልሆነ ከወዲሁ ይወቁት። ቦሌ የመሸጋገሪያ ጣቢያ በመሆኑ፣ ከአፍሪካ ከተሞች ምሽት ላይ የገቡት ትራንዚት ተጓዦች ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካና ወደ እስያ በሚሄዱት ትላልቅ አውሮፕላኖች ይሳፈራሉ፤ እነዚያም ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምረው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ተከታትለው ይነሣሉ። የፍራንክፈርት አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጀርመን ሰዓት ከሌሊቱ 5 ሰዓት (23:00) እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት (05:00) መደበኛ በረራ ስለማያስተናግድ፣ ከእኛ እኩለ ሌሊት ላይ የተነሣ አውሮፕላን ሰባት ሰዓት ያህል በርሮ እዚያ የሚደርሰው ክልከላው ካበቃ በኋላ ንጋት ላይ ነው። የእነርሱ እንቅልፍ በእኛ እንቅልፍ ኪሣራ ተጠብቋል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በዚህ ላይ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም መንደርደር ያስፈልገዋል፣ ከተነሣም በኋላ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በቤቶቻችን አናት ላይ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣው በረራ ወደዚያ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ አርፎ የሚያልፈው በዚሁ በከፍታው ምክንያት ነው፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ከዚህ መነሣት አይችልም።

አንደኛ፣ መስኮቱን በሚመለከት። የአሉሚኒየም ሠራተኞች ወዲያውኑ «ድርብ መስታወት እንግጠምልዎ» ይላሉ፤ እርስዎ ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ወረቀት በመስኮቱ መዝጊያና በክፈፉ መካከል አድርገው ይዝጉትና ይሳቡት። ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ ድምፁ የሚገባው በመስታወቱ ብቻ ሳይሆን በክፍተቱም ጭምር ስለሆነ፣ ውድ መስታወት ቢገጠም ትርፉ ኪሣራ ነው። በአብዛኞቹ አፓርታማዎች ያለው ስላይዲንግ መስኮት ደግሞ በባሕርዩ ጥብቅ ብሎ አይዘጋም። እኔ የመኝታ ቤቱን ስላይዲንግ አስነሥቼ በማጠፊያ የሚከፈትና ዙሪያውን ጎማ ያለው መስኮት አስገጠምሁ፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ውፍረቱ የተለየ ሁለተኛ መስኮት አስጨመርሁ። ባለሙያው «ሁለቱንም መስታወት ባለ ስድስት ሚሊ እናድርገው፣ ያምራል» ብሎ ሲከራከረኝ እሺ አላልሁትም፤ እኩል ውፍረት ያላቸው መስታወቶች የሚንቀጠቀጡት በአንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆነ አንዱ የሚያሳልፈውን ሌላውም ያሳልፈዋል። በመካከላቸው ያለው የአየር ክፍተት በሰፋ ቁጥር ደግሞ ያ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ የሞተር ጉርምርምታ ይቀንሳል፤ ተዘጋጅተው የሚሸጡት ድርብ መስታወቶች ክፍተታቸው ጣት ያህል ብቻ ስለሆነ ለብርድ እንጂ ለአውሮፕላን ብዙም አይረዱም። ዛሬ እንግዳ ቤቴ ሲያድር ጠዋት «በረራ የለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ እኔም በዚህ እኮራለሁ። ግድግዳ ላይ ስፖንጅና የእንቁላል ካርቶን ለጥፉ የሚሉትን ግን አይቀበሏቸው፤ እርሱ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያቆምም። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከሆኑም ከመስኮቱ በፊት ቆርቆሮውንና ኮርኒሱን ያስመርምሩ። አደራ የምለው ነገር ቢኖር፣ እንዲህ አጥብቀው የዘጉት ክፍል ውስጥ ከሰል የያዘ ምድጃ በፍጹም እንዳያስገቡ ነው፤ አየርም ቀን ቀን ያናፍሱበት።

ሁለተኛ፣ አቤቱታውን በሚመለከት፣ ከሁሉ በላይ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። በጎረቤቶቼ ስም ተፈርሞ የተዘጋጀውን ማመልከቻ ይዤ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ፣ ያስተናገደኝ ሠራተኛ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «በቃል ይንገሩን፣ እናየዋለን» አለኝ። ወረቀቱን ተቀበለኝ ስለው «አየር ማረፊያው እኮ ከእናንተ በፊት ነበር፤ ማን እዚህ ግቡ አላችሁ?» ብሎ በሰው ፊት አሳፈረኝ። አየር ማረፊያው ከእኛ በፊት መኖሩ እውነት ነው፤ ቦሌ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ለዚህ ሰፈር ካርታ የሰጠ፣ የግንባታ ፈቃድ ላይ ማኅተም ያደረገ፣ ግብር የሚሰበስብ አስተዳደር እያለ እኛን በሰው ቦታ እንደ ገባ ሰው መቁጠር አግባብ አልነበረም፤ ይህንንም ድምፄን ሳላሰማ በአክብሮት ነገርሁት። እርሱ ግን «ለሀገር ልማት ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ልማቱን ማንም አልጠላም፤ እኔም ሆንሁ ጎረቤቶቼ በዚያ አየር መንገድ እንኮራለን። የጠየቅነው ልጆቻችን ይተኙ ብለን ነው።

በቃል መናገሩ ለምን እንደማይበቃ ልንገርዎ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ጎድቷል ወይም ሊጎዳ ይችላል በሚለው አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረኩ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም መሰጠት ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። እንግዲህ እነዚያን ቀናት የሚያስቆጥረው በመዝገብ ቤት ማኅተም ያለበት፣ ቀንና ቁጥር የተጻፈበት ማመልከቻ ነው፤ በቃል የተናገሩት ዛሬም ነገም እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ስለዚህ ወደ ኃላፊው ቢሮ አይሂዱ፤ በቀጥታ መዝገብ ቤት ይግቡ፣ ሁለት ቅጂ ይያዙ፣ የእርስዎ ቅጂ ላይ ሳይመታልዎት ከመስኮቱ አይለዩ። እኔ ተመልሼ እንዲህ ባደረግሁ ጊዜ ያው ሠራተኛ ወንበር አቀረበልኝ፣ መልሱም በደብዳቤ መጣልኝ። ደብዳቤው በረራ አላስቆመም፣ ነገር ግን ጉዳያችን በፋይል የተያዘ፣ በቁጥር የሚጠራ ሆኗል።

ማመልከቻው ላይ «የሌሊት በረራ ይቁም» ብለው እንዳይጽፉ እመክርዎታለሁ፤ ያንን የሚያነብ ሰው ቀሪውን አያነብም። ሊደረግ የሚችለውን ነጥለው ይጠይቁ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአባል ሀገሮች ያስቀመጣቸው መንገዶች አራት ናቸው፦ ድምፁ የሚቀንስ አውሮፕላን መጠቀም፣ የመሬት አጠቃቀምን ማስተካከል፣ በአነሣስና በአስተራረፍ ሥርዓት ድምፅ መቀነስ፣ ከዚያም በረራን መገደብ። እኛ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይዘን፣ ጥገና ላይ ያሉ አውሮፕላኖች የሞተር ሙከራ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳይደረግና በማኮብኮቢያው ጫፎች ላይ አዲስ የመኖሪያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የድምፅ ልኬት እንዲቀድም ጠየቅን። በሀገራችን የአካባቢ ደረጃ መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የሌሊት ጣሪያ 45 ዴሲቤል መሆኑንም ጠቀስን።

ሦስተኛ፣ የሌሊቱን ድምፅ በሰዓቱ እየጻፉ ይያዙ። የስልክ መለኪያ ማስረጃ አይሆንም፣ ግምት ግን ይሰጣል፤ የነቃችሁበት ሰዓትና የነፋሱ አቅጣጫ ግን ሊታመን የሚችል መዝገብ ነው። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ በመሆኑ፣ ነፋሱ ሲዞር ድምፁ ከጎሮ በኩል ወደ እኛ፣ ከእኛም ወደዚያ ይዞራል፤ የአንድ ሳምንት መዝገብ ብቻ ይዘው ቢቀርቡ «በዚያ ሳምንት ብቻ ነው» ይሉዎታል። የእኛን ማመልከቻ የጎረቤቶቼን ስም አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ። መዝገቡን ግን ከዛሬ ሌሊት ይጀምሩት።