አቦል፣ ቶና... ሦስተኛው ለምን አልተቆጠረም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ። ባለፈው የዘጠኝ ዓመት ልጄ «አቦል ምን ማለት ነው?» ብላ ያዘችኝ። «የመጀመሪያው» አልኳት። «ቶናስ?» «ሁለተኛው።» «በረካ ሦስተኛው ነዋ!» አለች። አዎ ልላት ስል ባለቤቴ «ኧረ የሰው ስሞች ናቸው፤ ቡናን ያገኙ ሦስት ሰዎች ነበሩ» ብሎ ገባ። ጎረቤቴ ደግሞ «የዛር ስም ነው፣ በቤትሽ አትጥሪው» ትለኛለች። የማንን ልስማ? ሌላም አለኝ። አምና አዲስ አበባ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ስጠጣ አንዱ «አቦል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። አንድ ስኒ ብቻ ጠጥቶ ለሚሄድ ሰው ምን አቦል አለው?

መልስ፦ ለልጅዎ የሰጧት መልስ ትክክል ነው። ግን እሷ የጨመረችው ሦስተኛው ነገር ላይ ቆም ማለት አለብን። አቦል አንደኛ ነው፤ ቶና ሁለተኛ ነው፤ በረካ ግን ሦስተኛ ማለት አይደለም። ሦስተኛ ላይ ይቀዳል እንጂ ቃሉ ቁጥር አይደለም።

ከአቦል እንነሳ። በዓረብኛ «አወል» ማለት የመጀመሪያ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ቤት ቡና ጠጥተው ከሆነ «ኣወል» ሲባል ሰምተዋል፤ እነሱ ድምፁን ብዙም አልነኩትም። እኛ ጋ «ው» ወደ «ብ» ዞራለች። ይህ የሚገርም አይደለም። ሁለቱ ድምፆች በአማርኛ የቆዩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን በር ሳያንኳኳ ይገባል። የግእዙ «ሰብእ» በአማርኛ «ሰው» ሆኗል። «ነበረ» አጠገብ «ኖረ» ተቀምጧል። እዚህ «ብ» ወደ «ው» ሄደች፤ አቦል ላይ ጉዞው በተቃራኒ ነው። መንገዱ ግን ያው ነው።

ቶና ትንሽ ያስቸግራል። ሁለተኛ በዓረብኛ «ሣኒ» ነው፤ የመጀመሪያዋ ድምፅ ምላስ በጥርስ መሀል ወጣ ብሎ የሚባል ዓይነት ናት። ይህን ድምፅ ብዙ ሰው «ት» ይለዋል፤ ሱዳኖችም በዕለት ንግግራቸው «ታኒ» ነው የሚሉት። «ት» እና «ን» አሉልን። «ኦ» ከየት መጣች? የእኔ ግምት አቦል ናት የሳበቻት። አብረው በየቀኑ የሚጠሩ ቃላት አንዱ የሌላውን ዜማ ይወርሳሉ፤ አ-ቦል፣ ቶ-ና ብለው ደጋግመው ይበሉት፣ አፍዎ ራሱ ያስረዳዎታል። በግምት ብቻ አልተውዎትም፤ እዚህም ትግርኛ ምስክር ይሆነናል። ትግርኛ ሁለተኛውን ቡና በዓረብኛ አይጠራም፤ «ካልኣይ» ይለዋል፣ በራሱ ቋንቋ ሁለተኛ ማለት ነው። የግእዙ «ካልእ» ዘመድ ነው። ስለዚህ የዚያ ስኒ ስም ከመሠረቱ የተራ ቁጥር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ትግርኛን ተከትለን ሦስተኛው ላይ እንድረስ። ኣወል፣ ካልኣይ፣ ቀጥሎ «ሳልሳይ» መምጣት ነበረበት። አልመጣም። «በረካ» አሉ፤ እኛም በረካ አልን። ሁለት ቋንቋ፣ ሁለቱም ሁለት ድረስ ቆጥረው ሦስተኛው ላይ መቁጠር ተዉ።

በረካ በዓረብኛ በረከት ማለት ነው። ሥሯ ብ-ር-ክ ናት፤ ግእዙ «ባረከ»፣ አማርኛው «በረከት»፣ «ቡራኬ»፣ «ብሩክ» የሚወለዱት ከዚያው ሥር ነው። ዕብራይስጡም «ብራኻ» ይላል። ስለዚህ በረካ ቤት ውስጥ እንግዳ ቃል አይደለችም፤ ከሌላ አገር ዞራ የመጣች የአጎት ልጅ በሏት። ወሎ ስንኖር ሙስሊሙ ጎረቤታችን ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበትን ገንዘብ «በረካ የለውም» ይል ነበር፤ እናቴ ያንኑ «በረከት የለውም» ትላለች። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ኪስ ነው።

ነገሩ የሚገባው ግን ከቃሉ ይልቅ ከጀበናው ነው። አክስቴ ደሴ ነበር ቤቷ። አቦሉ ሲቀዳ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ስኒው ጠርዝ ላይ ክብ የሚያሰምር ነበር። የመጀመሪያው ስኒ ለትልቅ ሰው ነው የሚሄደው፤ እኛ ልጆቹ እናደርሳለን እንጂ አንቀምስም። ከዚያ ጀበናው ላይ ውኃ ይጨመራል፤ ያው አተላ እንደገና ይፈላል፤ ቶና ይሆናል። እንደገና ውኃ፣ እንደገና እሳት። በሦስተኛው ከጀበናው የሚወርደው የሻይ መልክ ያለው ነገር ነው። ለኛ ለልጆች የሚፈቀድልን እሱ ብቻ ነበር፣ በብዙ ስኳር። እንግዲህ አስቡት፤ ከሦስቱ ቀጭኑ፣ ኃይሉ ያለቀው፣ እሱ ነው በረከት የተባለው።

እዚያ ላይ ግን ሌላ ነገር ይደረጋል። አክስቴ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ስኒዎቹን ሞልታ ካደለች በኋላ ዕድሜ ጠገቡ ይመርቃል። «ከክፉ ይሰውራችሁ፣ ቤቱን የሰላም ቤት ያድርገው።» አሜን ይባላል። ለእሷም «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይደርሳታል። ቶሎ መሄድ የፈለገ ጎረቤት አቦልና ቶናውን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል «ኧረ በረካውን ሳትቀምስ!» ተብሎ ይያዛል። ማንም ቡናው ቀርቶበት አያውቅም፤ የሚቀርበት ምርቃቱ ነው። ስሙ የተሰጠው ለተቀዳው ነገር ሳይሆን በዚያ ሰዓት ለሚደረገው ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ዓረብኛ ከቡናችን ምን አገናኘው?» ማለትዎ አይቀርም። የሚያገናኘው ታሪኩ ነው። ቡና የበቀለው እዚህ ቢሆንም ሁሉም የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ አልጠጣውም። ብዙ የደጋ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን «የእስላም መጠጥ» እያለ ይርቀው ነበር፤ ካህናቱም አይወዱትም። ይህ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡት ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ሠርተዋል። ታዲያ አንድ ሰው አዲስ ልማድ ሲቀበል ከነስሙ ነው የሚቀበለው። ሱቅን፣ ስኳርን፣ ሻይን በስማቸው እንደተቀበልናቸው ማለት ነው፤ ሦስቱም በዓረብኛ በኩል የመጡ ናቸው። ከክርስቲያኑ ጎረቤት ቀድሞ ቡና ያፈላ የነበረው ሙስሊሙ ነው፤ ቡና እየጠጣ ዱዓ ያደርጋል። አቦልም በረካም ከዚያ ምንጣፍ ላይ ነው የተነሱት። ዛሬ ማርያምን እያሉ በረካ የሚጠጡ እናቶች ቃሉን የራሳቸው ካደረጉት ቆይቷል።

ስኒ ራሱ ከዚያው መንገድ ነው የመጣው። በዓረብኛ «ሲን» ቻይና ነው፤ «ሲኒ» ደግሞ የቻይና ማለት ነው፣ በሸክላው ምክንያት። ፍንጃልም ዓረብኛ ነው። «ሲኒ ነው ስኒ?» እያሉ የሚጽፉልኝ ስላሉ በዚሁ ልመልስ፦ ሲኒ ለምንጩ ይቀርባል፣ ስኒ ለአፋችን። ሁለቱም ይጻፋል፤ እኔ ስኒ ነው የምለው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። የሰሙትን ከራሳቸው አላወጡትም። አቦል፣ አቶና፣ በረካ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በረሀ ገብተው ሲጸልዩ ቡና ተሰጣቸው የሚል ተረት አለ። ደስ የሚል ተረት ነው፣ ለልጅዎ ይንገሯት። ግን ተረቱ ከቃሉ በኋላ የመጣ ነው። ሰው ትርጉሙ የጠፋበትን ቃል ዝም ብሎ አይተወውም፤ ታሪክ ያበጅለታል፣ ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ «የሰው ስም ነበር» ማለት ነው። ካልዲንም ይመልከቱ። ፍየሎቹ ስለፈነጩበት እረኛ የሚነገረው ታሪክ አውሮፓ ውስጥ የታተመው በ1671 ሮም ላይ፣ በላቲን ነው። እዚያ ላይ እረኛው ስም የለውም። ካልዲ የተባለው በኋላ ነው። ዛሬ ግን ካልዲ ያልነበረ ነው ቢሉ የሚሰማዎት የለም።

የጎረቤትዎ ነገር ለየት ይላል። እሳቸውም ያለ ምክንያት አልፈሩም። ዛር ባለበት ቤት ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ፈንዲሻ ይበተናል፤ ያን ያየ ሰው ረከቦት ባየ ቁጥር ዛሩን ያስታውሳል። የእምነታቸውን ጉዳይ ለእሳቸው ልተወው። የቃሉን ጉዳይ ግን ልናገር፦ አንዱ «አንደኛ»፣ አንዱ «ሁለተኛ»፣ አንዱ «በረከት» ነው። አንደኛንና ሁለተኛን የፈራ ሰው ልጁን ትምህርት ቤት እንዴት ይልካል? በረካን የከለከለ ደግሞ «በረከት» የሚለውንም አብሮ መከልከል ሊኖርበት ነው።

የመንገዱን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ ዓይናችን እያየ እየተለወጠ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ልጅ ጋ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ትንሽ በርጩማ፣ ቄጠማ፣ ከሰል። አንዱ ቆሞ «አቦል ነው?» አላት። «አሁን የወረደ አቦል!» አለችው፤ ተቀመጠ። ሌላው መጣ፤ ጀበናውን ከፍ አድርጋ ነቅነቅ አደረገችና «ትንሽ ይጠብቁ፣ ሌላ ልጣድ» አለችው። ያ ሰው ተራ እየጠየቀ አልነበረም፤ የሚጠይቀው ስለ ጥራት ነው። «ውኃ ያልተጨመረበት፣ ወፍራሙ፣ ትኩሱ ነው ወይ?» ነው የሚለው። ቤት ውስጥ አቦል ቶናን ይጠብቃል፤ አንደኛ የሚባለው ሁለተኛ ስላለ ነው። መንገድ ላይ ሁለተኛ የለም። አንዱ ስኒ ተጠጥቶ ሒሳብ ተከፍሎ ይኬዳል። ቁጥሩ ሥራ ሲያጣ ቃሉ ሌላ ሥራ አገኘ፦ «ምርጥ» ሆነ።

ስህተት ነው? አይደለም። አማርኛም ራሱ «አንደኛ»ን እንዲህ አድርጎታል። «አንደኛ ልጅ ናት!» ሲሉ የበኩር ልጅ ማለትዎ ሊሆን ይችላል፤ «ጎበዝ ናት» ማለትዎም ሊሆን ይችላል። አቦልም ያንኑ መንገድ ነው የያዘው። እኔን ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ አያያዝ ቶና ስድብ ሆናለች። «ይሄማ ቶና ነው!» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቀጥኗል፣ አታለልሽኝ ማለታቸው ነው። ቶና ምስኪን ምን አደረገች? በረካን ግን በመንገድ ዳር ቡና ላይ ማንም አያነሳትም። የሚመርቅ ሽማግሌ በሌለበት ምን ታድርግ።

ስለዚህ ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ምርቃት። «አራተኛስ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። እኔም ልጅ ሆኜ አክስቴን ጠይቄያት ነበር። ጀበናውን አዘቅዝቃ አተላውን እየደፋች «እሱማ ውኃ ነው፤ ስኒ እጠብበት» አለችኝ።