ስለ ጂን ኦንቶሎጂ ጠይቁ፣ ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነኝ

ጀማሪ፦ ዶክተር፣ ጂን ኦንቶሎጂ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ጂኖች የሚሠሩትን ሥራ በጋራ ቃላት የሚጠራ መዝገብ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የፍራፍሬ ዝንብ፣ የእርሾና የአይጥ ጂን መዝጋቢዎች ተስማምተው የጀመሩት ነው። አንዱን ሥራ እያንዳንዱ በየስሙ ይጠራው ነበር፤ አንዱ ቆሮሶ ሲል ሌላው ቲላፒያ እንደሚለው። አሁን አንድ መለያ ቁጥር አለው፣ ሌሎቹ ስሞች ከሥሩ ይመዘገባሉ።

አምባዛ ወዳድ፦ ቆሮሶና ቲላፒያ አንድ ናቸው እንዴ? ምግብ ቤት ዋጋቸው ይለያያል!

የቀበሌው ልጅ፦ አንድ ነው ባክህ። ይልቅ አምባዛ ስቡ ይበዛል፣ ለጥብስ አይሆንም።

አምባዛ ወዳድ፦ ጠበሳ ስለማትችል ነው!

መልስ፦ ይሄን ዓሣ ገበያ ሂዱና ጨርሱት።

ዓሣ አጥኚዋ፦ ላቤኦባርበስ በሚባሉት የጣና ዓሦች ላይ እየሠራሁ ነው። ለጂኖቼ ሁሉ የኦንቶሎጂ ቃል ወጣላቸው። ጨረስኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነሽ። ቃሎቹ በአብዛኛው በመመሳሰል ብቻ ከዜብራፊሽ፣ በላብራቶሪ ከሚጠናው ትንሽ ዓሣ፣ የተገለበጡ ናቸው። ቃሉ በምን ማስረጃ እንደተሰጠ የሚናገረውን የማስረጃ ምልክቱን እዪ። አይ-ዲ-ኤ ካለ ሰው በላብራቶሪ ፈትሾታል፤ አይ-ኢ-ኤ ካለ ኮምፒውተር ነው የለጠፈው፣ አንድ በአንድ ያየው ሰው የለም። ዜብራፊሽ 50 ክሮሞዞም አለው፣ ያንቺ ዓሣ ሄክሳፕሎይድ ነው፣ ማለት ስድስት የክሮሞዞም ስብስብ አለው፣ በድምሩ 150። ለዜብራፊሹ አንድ ጂን ያንቺ ብዙ ቅጂ ይኖረዋል፤ አንዱ ቅጂ ዝም ብሎ፣ ሌላው ሥራ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን ለሁሉም ያንኑ ቃል ያድላል። አንድ ተማሪ በሰው ጂን ምደባ ተጠቅሞ ያመጣልኝ ሠንጠረዥ ሦስተኛ ረድፉ ላይ «ወተት ማመንጨት» ይል ነበር። ለዓሣ!

ጤፍ፦ ለጤፍስ?

መልስ፦ ያው ነው። ምልክቱን እይ።

ሌላ ጀማሪ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ? በዝርዝርህ የትኛው ሥራ እንደበዛ ለማወቅ ከሆነ፣ ማነጻጸሪያህስ የትኞቹ ጂኖች ናቸው? በናሙናህ ውስጥ የተገኙትን ትተህ መላውን ጂኖም ከወሰድክ የትኛውም አያድንህም።

ዓሣ አጥኚዋ፦ ቃል የሌለው ጂን ሥራ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ገና አልተመዘገበለትም። ኤን-ዲ የሚል ምልክት ካለ ግን ሰው ፈልጎ መረጃ አጥቶ ነው። ሁለቱን አትቀላቅዪ።

ጤፍ፦ ምልክት የሚሉት የት ነው ያለው?

መልስ፦ ጂኖቹ ከነቃላቸው የተዘረዘሩበት የምደባ ፋይል ሰባተኛ ዓምድ ላይ። ሰባተኛ! እግረ መንገድህን አራተኛውንም እይ፤ እዚያ «ኖት» (አይደለም) የሚል ካለ ጂኑ ያንን ሥራ አይሠራም ማለት ነው። ስንቱ ዓምዱን ቆርጦ ጥሎ ተቃራኒውን ጽፏል።

አምባዛ ወዳድ፦ ቆሮሶውስ ዶክተር?

መልስ፦ ቲላፒያ ነው። ወጣሁ።