ሰርቨሩ ስፓም ያለውን ኢሜይል ወደ ጀንክ ለማስገባት፦ ተንደርበርድ ላይና ስልክ ላይ

ከኮምቦልቻ የጠየቁት ወንድማችን፣ አብሽሩ፣ መላ አለው። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ሰርቨሩ ርዕሱ ላይ «ስፓም» (ቆሻሻ መልእክት) እያለ የሚልከው መልእክት ተንደርበርድ በሚባለው የኮምፒውተር ኢሜይል ፕሮግራም ላይ በራሱ ወደ ጀንክ (የቆሻሻ መልእክት) ፎልደር እንዲገባ፣ ስልክዎንም እንዳያጨናንቀው። የመጀመሪያው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ግን ተንደርበርድ ላይ አይፈታም።

በርዕሱ አያጣሩ። አቅራቢዎ የላከው ፕሮፎርማ በስህተት ስፓም ተብሎ ከመጣና እርስዎ ከመለሱለት፣ ያ ምልክት ርዕሱ ላይ ተጣብቆ ይመላለሳል፤ የእሱ መልስም እንደገና ጀንክ ውስጥ ይወድቃል። ማጣራት ያለብዎት በሄደሩ፣ ማለትም ከመልእክቱ ጋር ተደብቀው በሚመጡት የመረጃ መስመሮች ነው። ምልክት የተደረገበት አንድ መልእክት ይክፈቱና ኮንትሮልና ዩን አብረው ይጫኑ። ከላይ አካባቢ «ኤክስ-ስፓም» ብለው የሚጀምሩ መስመሮች ካሉ ሰርቨሩ የሚጠቀመው ስፓም አሳሲን የሚባለው ስፓም መለያ ፕሮግራም ወይም እሱን የሚመስል ነው። «ፍላግ» የሚለው መስመር «የስ» ብቻ ይላል። «ስታተስ» ፍርዱን፣ ነጥቡንና የተመቱትን ምርመራዎች ይዘረዝራል። «ሌቭል» ደግሞ ነጥቡን በኮከብ ይቆጥራል። ስፓም አሳሲን ካልተነካ በስተቀር 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘውን ስፓም ይለዋል።

መስመሮቹ ካሉ ፊልተር (የማጣሪያ ደንብ) መጻፍ እንኳ አያስፈልግዎትም። አካውንት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጀንክ ሴቲንግስ ውስጥ የሰርቨሩን የጀንክ ሄደር እመን የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ከጎኑ ካለው ዝርዝር ስፓም አሳሲንን ይምረጡ። እዚያው ገጽ ላይ አዲስ ጀንክ ወደ ፎልደር ይዛወር የሚለውንም ያብሩ፤ ብዙ ሰው ይህቺን ይረሳና «አልሠራም» ይላል። ሁለት አድራሻ ካለዎት ለየአንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚስተካከለው።

የሰርቨርዎ ሄደር ሌላ ስም ካለው ግን በእጅ ይሠሩታል። ቱልስ፣ ሜሴጅ ፊልተርስ፣ ኒው። የመስፈርቱ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ካስተማይዝ የሚለውን ነክተው የሄደሩን ስም ያስገቡ፤ ሁለት ነጥቧን አይጻፏት፣ አይቀበልም። ተግባሩ ወደ ጀንክ ማዛወር፣ ቀጥሎም ፊልተሩን ማቆም ይሁን፤ ካላቆሙት ከታች ያለ ሌላ ደንብ መልሶ ሊያነሣው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። «ስታተስ» የሚለውን መስመር መርጠው «የስ የሚል ካለበት» ብለው ደንብ ካወጡ ጤነኛው መልእክት ሁሉ ሊጠፋብዎት ይችላል። ስፓም አሳሲን ባዬስ የሚባል፣ ካየው መልእክት የሚማር ምርመራ አለው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «የስ» የሚለው ቃል ፊደላት በተርታ አሉ። ንጹሕ መልእክትም ቢሆን ያ ስም ስታተሱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወይ «ፍላግ»ን ይጠቀሙ፣ ወይ «በየስ የሚጀምር» ይበሉት።

ወደ ስልኩ እንምጣ። ተንደርበርድ የሚያጣራው ሲከፈት ብቻ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ውለው የቢሮው ኮምፒውተር ተዘግቶ ከዋለ ቆሻሻው ሁሉ ስልክዎ ኢንቦክስ ውስጥ ይከማቻል። መድኃኒቱ ደንቡን ሰርቨሩ ላይ ማውጣት ነው። ኢሜይልዎ ያለበት ሆስቲንግ (የሰርቨር ኪራይ) ሲፓነል በሚባለው ማስተዳደሪያ ገጽ የሚተዳደር ከሆነ ስፓም ፊልተርስ ውስጥ ስፓም ቦክስን ያብሩ፤ «ስፓም» የሚል ፎልደር ለብቻው ይከፈታል። ኢሜይልዎን በብሮውዘር የሚያዩበት ገጽ ራውንድኪዩብ ከሆነና ሴቲንግስ ውስጥ ፊልተርስ የሚል ካለ፣ ያንኑ የፍላግ ደንብ እዚያ ይጻፉት። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው አካውንቱ በአይማፕ (የሰርቨሩን ፎልደሮች ሁሉ በሚያሳየው የግንኙነት ዘዴ) ከተገጠመ ነው። በሌላው ዘዴ፣ በፖፕ ከሆነ ስልኩ ኢንቦክሱን እንጂ ሌላ ፎልደር አያይም፤ ሰርቨሩ ለይቶ ያስቀመጠውን ለማየት በዌብሜይል (በብሮውዘር) መግባት ግድ ይሆንብዎታል።

ስፓም ቦክስን ሲያበሩ ከእሱ አጠገብ ያለውን ኦቶ ዲሊት አይንኩት። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው የሚደርሱት ደብዳቤዎች፣ ፕሮፎርማው፣ የባንክ ዝርዝሩ፣ «አስቸኳይ» የሚለው ርዕስ፣ ሁሉም ለማሽን ዓይን አጠራጣሪ ናቸው፤ 5 እና 6 ነጥብ በቀላሉ ያገኛሉ። መሰረዝ ካማረዎት ከ10 በላይ ያለውን ብቻ ይሰርዙ፤ «ሌቭል» ላይ አሥር ኮከብ ካለ ብለው። ነገር ግን ፊልተሩ ሬጌክስ (በልዩ ምልክቶች የሚጻፍ የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር) የሚጠቀም ከሆነ ኮከብ እዚያ ሌላ ትርጉም ስላላት ደንቡ ያልታሰበ ነገር ይሠራል።

የአቅራቢዎችዎን አድራሻ ነጭ ዝርዝር (ሁልጊዜ ይለፉ የሚባሉ አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ ያስገቡ፤ የራስዎን ዶሜይን (አድራሻዎ ላይ ከ@ ቀጥሎ ያለውን) ግን በጭራሽ። አጭበርባሪ በመጀመሪያ የሚያስመስለው የእርስዎኑ አድራሻ ነው።

ምንም ምልክት ሳይኖረው የሚያልፍ ትልቅ አባሪ ያለው ስፓም ካዩ ፊልተርዎ አልተበላሸም። ስፓም አሳሲን ብዙ ጊዜ ከ500 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ሳይመረምር ያሳልፈዋል፤ ሄደሩ ከሌለ ደንቡ የሚይዘው ነገር የለም።

ስፓሙን ወደ ጀንክ መጎተት ብቻውን ሰርቨሩን አያስተምርም። ሆስቲንግ ሰጪዎን «ጀንክ ፎልደሬን ለመማሪያ ታነባላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አዎ ካሉ 200 ስፓምና 200 ንጹሕ መልእክት እስኪሞላ ባዬስ ሥራ አይጀምርም፤ ንጹሑንም አብረው ያሳዩት።