የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ አጋርን በትእዛዝ ወረቀቱ መለየት

ስለ ሰሌዳ ጨዋታዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከወሎ የተላኩ ናቸው፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ዲፕሎማሲ ስለተባለው ጨዋታ በመሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል። ለማያውቁት ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ ጨዋታውን አለን ካልሃመር የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች 1954 ቀምሮ በ1959 ለገበያ አቀረበው። ሰባት ተጫዋቾች ሰባት የአውሮፓ መንግሥታትን ይዘው፣ ከ1901 ጸደይ ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይና በመኸር ዙር ይዘምታሉ። በካርታው ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ኃይል (ጦር ወይም መርከብ) የሚመግቡ 34 የስንቅ ማዕከሎች ሲኖሩ 18ቱን የያዘ ያሸንፋል። ዳይስ የለውም። ተጫዋቾቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ በየጥጉ ከተደራደሩ በኋላ እያንዳንዱ ትእዛዙን በምስጢር ይጽፋል፣ የሁሉም ወረቀት በአንድ ጊዜ ይነበባል። በድርድር የተገባ ቃል በደንቡ ማንንም አያስርም፤ ጥያቄው ሁሉ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ በደሴ ሰባት ጓደኛሞች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ቤት ተሰባስበን እንጫወታለን። የመደራደሪያውን ጊዜ የምንለካው በቡናው ነው፤ አቦሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ወረቀት እንይዛለን። ኦስትሪያ በደረሰኝ ቁጥር ግን በረካው ሲቀዳ ቪየና በሌላ ሰው እጅ ናት። ሩሲያን የያዘው ወዳጄ በመካከላችን ወዳለችው ጋሊሲያ እንደማይገባ ቃል ገባልኝ፣ ገባ። ጣሊያንን የያዘችው ከቬኒስ አልነቃነቅም ብላ ትሪየስቴን ወሰደችብኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሆነብኝ። ለመሆኑ የሚታመን አጋር እንዴት ይመረጣል? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ፤ ኦስትሪያ ልምድ ያላቸውንም የምታስጨንቅ አገር ናት። በሰሌዳው ላይ የሁለት የተለያዩ መንግሥታት የራስ ማዕከሎች (ጨዋታውን ሲጀምሩ የያዟቸው) በቀጥታ የሚዋሰኑት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም የእርስዎ ትሪየስቴና የጣሊያን ቬኒስ ናቸው። ከሰሜን ሩሲያ፣ ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ይጨመሩበታል።

ይሁን እንጂ ከደብዳቤዎ እንደተረዳነው ሁለቱም ጎረቤቶችዎ ቃላቸውን ቢያፈርሱ ብዙ የሚያገኙበት፣ ቢጠብቁ ግን እምብዛም የማይጠቀሙበት ሁኔታ ውስጥ ነበሩ፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ ደግሞ እጅግ ጨዋ የሆነ ሰው እንኳ ይፈተናል። ስለዚህ የሚታመን ሰው ከመፈለግዎ በፊት ክህደቱ የማያዋጣበትን አሰላለፍ ይፈልጉ። ጋሊሲያን እንውሰድ። ሩሲያን «አትግባ» ብሎ ከመለመን «ሁለታችንም እንግባ» ማለት ይሻላል፤ እኩል ኃይል ያላቸው ሁለት ጦሮች ወደ አንድ ስፍራ ቢዘምቱ ሁለቱም ወደየነበሩበት ይመለሳሉና። እርስዎ «ጦር ቪየና ወደ ጋሊሲያ»፣ እርሱም «ጦር ዋርሶ ወደ ጋሊሲያ» ብላችሁ ብትጽፉ ስፍራው ባዶ ይቀራል። እርሱ ሐሳቡን ቀይሮ ቢቀር የሚገቡት እርስዎ ነዎት፤ ሊያታልልዎ አስቦ ብቻውን የሚገባበት መንገድ የለም። በዚያው ወረቀት ላይ «ጦር ቡዳፔስት ወደ ሰርቢያ» እና «መርከብ ትሪየስቴ ወደ አልባኒያ» ብለው ቢጽፉ፣ በመኸር ዙር አልባኒያ ያለው መርከብ በሰርቢያው ጦር ተደግፎ (ማለትም ያ ጦር ባለበት ቆሞ ጉልበቱን ጨምሮለት) ግሪክን ለመያዝ ይችላል።

የዚህ አሰላለፍ ዕዳ ትሪየስቴን ባዶ ማስቀረቱ ስለሆነ ለጣሊያን የሚሰጡት ነገር ያስፈልግዎታል። «አትንኪኝ» ማለት ስጦታ አይደለም። በተጫዋቾች ዘንድ ሌፓንቶ ተብሎ የሚታወቀውን ዘመቻ ያቅርቡላት፦ መርከቧን ከኔፕልስ ወደ አዮንያ ባሕር፣ ጦሯን ከሮም ወደ አፑሊያ ታወጣለች፤ በመኸር ጦሩን በመርከቡ አሻግራ ቱኒስን ትይዛለች፤ በሁለተኛው ዓመት ሌላ መርከብ ጨምራ ያንኑ ጦር እስከ ሶርያ ድረስ በማሻገር ቱርክን ከጀርባዋ ትመታለች። ለእርስዎ ቱርክን የሚያዳክም፣ ለእርሷ ደግሞ ትሪየስቴን ከመንጠቅ የበለጠ ተስፋ ያለው መንገድ ነው፤ ኦስትሪያ ቶሎ ከወደቀች ሩሲያና ቱርክ በጣሊያን ደጃፍ እንደሚቆሙ ጨምረው ያስረዷት።

የተናገረችውን እያደረገች መሆኑን የሚያውቁት በዓመቱ መዝጊያ ነው፤ እኛ ከድርድሩ ሁሉ ይበልጥ የምናምነውም ይህንን ነው። ከመኸር ዙር በኋላ አዲስ ማዕከል ያገኘ ተጫዋች አዲስ ኃይል የሚገነባው በራሱ አገር ባሉ ባዶ ማዕከሎች ብቻ ስለሆነ፣ የገነባው ነገርና የገነባበት ቦታ የሚቀጥለውን ዓመት ሐሳቡን ያጋልጣል። ጣሊያን በኔፕልስ መርከብ ከገነባች ዘመቻው በመንገድ ላይ ነው። በቬኒስ ጦር ከገነባች ግን በአፏ የፈለገችውን ብትል፣ ለትሪየስቴ ዘብ ያቁሙ። ሩሲያ በዋርሶ ጦር ስትጨምርም ያው ነው፤ ከዋርሶ የሚነሣ ጦር ወደ እርስዎ ወይም ወደ ጀርመን ካልሆነ በቀር እምብዛም የሚሄድበት የለውም።

አንድ ነገር እንጨምር። አጋር «እረዳሃለሁ» ሲል ምን ብሎ እንደሚጽፍ ቃል በቃል ይጠይቁት። ሩማኒያ በሩሲያ ጦር ተይዛ ከሴቫስቶፖል ድጋፍ አላት እንበል። እርስዎ ከሰርቢያ በቡዳፔስት ድጋፍ ቢዘምቱ ሁለት ለሁለት ስለሚሆን ሩማኒያ አትወድቅም። ነገር ግን ድጋፍ የሚሰጥ ኃይል ራሱ ከሌላ አቅጣጫ ከተጠቃ ድጋፉ ይቋረጣል፤ ጥቃቱ ባይሳካም እንኳ። ስለዚህ ከቱርክ የሚፈልጉት «እርዳኝ» የሚል ልመና ሳይሆን «መርከብ ጥቁር ባሕር ወደ ሴቫስቶፖል» የሚል አንድ መስመር ነው። ቱርክን ምንም አያስከፍላትም፤ ወረቀቱ ሲነበብ መስመሩ ከሌለ ግን ከማን ጋር እየተጫወቱ እንደሆነ በዚያው ዙር ያውቁታል። ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ በአጋራቸው ተከድተናል የሚሉት፣ አጋሩ ምን እንዲጽፍ እንደሚጠበቅበት በውል ሳይነገረው ቀርቶ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ቃሌን የምጠብቅ ሰው ነኝ። ባለፈው ጨዋታ እስከ 12 ማዕከል ደርሼ ነበር፤ አጋሬ ግን በጎኔ እየሾለከ 18 ሞልቶ አሸነፈ። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ቃሌን ባፈርስ የአክስቴ ልጅ ለብዙ ጊዜ አኮረፈኝ። በእኛ አገር ዱዓ ተደርጎ የተገባ ቃል ከባድ ነውና፣ አጋርን መተው የሚገባው መቼ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከኩርፊያው እንጀምር። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ቃል ማፍረስ የደንቡ አካል መሆኑን ሁሉም ተስማምቶ ይቀመጥ፤ «ወላሂ»ም ሆነ «ማርያምን» በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዳይነሣ ክልክል ይሁን። መሐላ የሚያስፈልገው አጋር ቀድሞውንም ጥቅሙን ያላየ አጋር ነው። ያለፈውን እሑድ ቂም ወደሚቀጥለው ማሻገርም ጨዋታውን ያበላሸዋል፤ የአክስትዎ ልጅ በድጋሚ ቢያኮርፉ ቡናውን እንዲያፈሉ ማድረግ ነው።

ወደ ስልቱ ስንመለስ፣ ማዕከሎች ባለቤት የሚቀይሩት ከመኸር ዙር በኋላ ብቻ ስለሆነ በጸደይ የተጀመረ ክህደት ለተጠቂው የመከላከያ ዙር ይሰጠዋል። በመኸር የደረሰ ግን ወዲያው ይቆጠራል፤ ተጠቂው በዓመቱ መዝጊያ ማዕከል ያጣለትን ኃይል ያነሣል፣ እርስዎ ይገነባሉ። አምስት ማዕከል ካለው አጋር ላይ አንድ ብቻ ቢወስዱ አራት ኃይል የያዘ የተቆጣ ጠላት አተረፉ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት የማይገኝበትን ክህደት አንመክርም። የራስዎ ማዕከሎች በጦር ወይም በመርከብ (የራስዎም ቢሆን) ከተያዙ መገንባት እንደማይቻል መርሳትም ብዙዎችን አስቆጭቷል፤ ያገኙትን ሁለት ማዕከል ይዘው የሚጨምሩት ኃይል አጥተው ዓመቱን ይጀምራሉ።

በእርስዎ ሁኔታ ግን ጥፋቱ ቃል መጠበቅዎ ሳይሆን መቁጠር ማቆምዎ ይመስለናል። አጋርዎ 14 ወይም 15 ሲደርስ ቀሪዎቹ ተባብረው 17 ማዕከሎችን አጥረው ሊያስቆሙት ይችላሉ፤ ይህ ግን ትንንሾቹ መንግሥታት በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው። ስለዚህ ባለሁለት ማዕከሉን ጎረቤት ከአጋርዎ ጋር ሆነው ከማጥፋትዎ በፊት ነገ ለአጥሩ እንደሚያስፈልግዎ ያስቡ። በጨዋታው መጨረሻ ያልጠፉት ሁሉ ከተስማሙ በእኩል መለያየትም በደንቡ የተፈቀደ ነው።

ሐቀኝነት አያዋጣም ብለው ግን እንዳይደመድሙ። ሜታ የተባለው ኩባንያ በ2022 ይፋ ያደረገው ሲሴሮ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በኢንተርኔት 40 ጨዋታዎችን ከሰዎች ጋር ተጫውቶ፣ ያገኘው ነጥብ ከሰዎቹ አማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ከአንድ በላይ ጨዋታ ከተጫወቱት መካከልም ከላይኞቹ 10 በመቶ ውስጥ ገባ። ሠሪዎቹ የቀረጹት በዚያች ሰዓት ሊያደርግ ካሰበው ጋር የሚስማማ መልእክት እንዲልክ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች መልእክቶቹን መርምረው ማታለል አልጠፋበትም ብለው ቢተቹትም፣ አብዛኛውን ሥራ የሠራለት ለአጋሩ የሚጠቅም ሐሳብ ማቅረቡ ነው።

በጣም ሊጠነቀቁት የሚገባው ከግልጽ ክህደት ይልቅ ጊዜ የሚገዛ ቃል ነው፤ ለዚህ ደግሞ የወሎ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ዘምተው ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ድል ካደረጉ በኋላ ወዲያው ባለመገስገሳቸው የሸዋ መኳንንት ጦር ለማሰባሰብ ፋታ አገኙ፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ወዳጅ መስለው በደብዳቤ ንጉሡን እንዳዘናጉ በታሪክ ይወሳል። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሡ መሸነፋቸው ይታወቃል። አጋርዎ «በሚመጣው ዓመት አብረን እንዘምታለን» ሲልዎ፣ በዚህ ዙር ምን እንደሚጽፍ ይጠይቁት፤ መልሱ «ባለሁበት እቆያለሁ» ከሆነ፣ ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ያጣሩ።

ጥያቄ፦ እኛ ወልድያ የምንገኘው አራት ብቻ ነን፣ አንዳንዴም አምስት። መጫወት ይቻላል? ድርድሩስ ምን ያህል ይፈጅ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ይቻላል። አምስት ስትሆኑ ጣሊያንና ጀርመን ያለ ተጫዋች ይተዋሉ፤ ጦራቸው ባለበት ቆሞ ይከላከላል እንጂ አይዘምትም። አራት ስትሆኑ አንዱ እንግሊዝን ብቻ ይይዛል፣ ሦስቱ ደግሞ ኦስትሪያን ከፈረንሳይ፣ ጀርመንን ከቱርክ፣ ጣሊያንን ከሩሲያ ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገው ይካፈላሉ። በጥንድ መጫወት ግን ድርድሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ለመማሪያ እንጂ ለረጅም ጊዜ አንመክረውም፣ ሦስት ሰው ብትጨምሩ ይሻላል። ለጊዜው፣ የቆየው የጨዋታው ደንብ ከመጀመሪያው ዘመቻ በፊት 30 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ በየዙሩ 15 ደቂቃ ይሰጣል። ሰዓቱን የሚይዝ አንድ ሰው አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የተጻፈ ትእዛዝ አይቆጠርም፣ ያልጻፈ ተጫዋች ጦርም ባለበት ይቆማል።