ስለ ኑክሌር አጥቂ ሰርጓጅ መርከብ ዕድሜ፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ነዳጇ ለዓመታት የማያልቅ መርከብ ለምን በ30 ዓመቷ ገደማ ጡረታ ትወጣለች?

መልስ፦ የሚያረጀው ነዳጁ ብቻ ስላልሆነ ነው። መርከቧ በጠለቀች ቁጥር፣ በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ተጨማሪ ግፊት ስለሚጫናት፣ ወፍራሙ የብረት አካሏ በጥቂቱ ይጨመቃል፤ ወደ ላይ ስትመለስ ደግሞ ይለቀቃል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ብየዳው ላይ ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል፤ ሽቦ ደጋግሞ አጥፎ የሰበረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የባሕር ውኃ የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች ደግሞ ጨውና ዝገት ይበላቸዋል።

ጥያቄ፦ ነዳጁ መቀየር አይችልም?

መልስ፦ ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው ዓመታት የሚወስድና እጅግ ውድ ነው። የመጀመሪያዋ የኑክሌር ሰርጓጅ ኖቲለስ፣ በጥር 1955 ጉዞ ጀምራ በ1957 ነዳጇ ተቀይሯል። የአሜሪካ የቨርጂኒያ ምድብ መርከቦች ግን በከፍተኛ ደረጃ የበለፀገ ዩራኒየም ስለሚጠቀሙ፣ ለ33 ዓመታት ያለ ቅየራ እንዲያገለግሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የነዳጅን ወሳኝነት በደንብ የሚያሳየው ሳን ፍራንሲስኮ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ታሪክ ነው። በጥር 2005 ከባሕር ሥር ካለ ተራራ ጋር ተጋጭታ የፊት ክፍሏ ሲጨፈለቅ፣ በዕድሜ ከእርሷ የምታንሰው የሌላዋ ሰርጓጅ፣ የሆኖሉሉ፣ የፊት ክፍል ተቆርጦ ተገጠመላት። ታናሺቱ ለታላቂቱ አካሏን የሰጠችው፣ የሳን ፍራንሲስኮ ነዳጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቀይሮ ስለነበር፣ የሆኖሉሉ ግን ገና መቀየር ስለሚያስፈልገው ነው።

ጥያቄ፦ ከታቀደላት ዕድሜ በላይ የቆየች አለች?

መልስ፦ አለች፤ ብሬመርተን የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ ከ1981 እስከ 2021 አገልግላለች። በአንጻሩ በ1992 አገልግሎት የጀመረችው ሌላዋ የአሜሪካ ሰርጓጅ ቦይዚ፣ መጠገኛዎቹ በሥራ ስለተጨናነቁ ተራ ስትጠብቅ በ2017 የመጥለቅ ፈቃዷ ተቃጥሎ ለዓመታት ያለ ሥራ ቆማለች። በእኔ እይታ ይህ ከዝገት የባሰ ብክነት ነው፤ የቆመች መርከብም ታረጃለችና።

ጥያቄ፦ መርከቧ ከተሰናበተች በኋላ የኑክሌር ማብላያዋ (ከነዳጁ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) የት ይሄዳል?

መልስ፦ የአሜሪካኖቹን ብቻ ልናገር። ያገለገለው ነዳጅ ወጥቶ በባቡር ወደ አይዳሆ ግዛት ይላካል። ማብላያው ያለበት የመርከቧ ክፍል ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት፣ ብሬመርተን ከተማ በሚገኘው የባሕር ኃይል መጠገኛ እንዳለ ተቆርጦ፣ ሁለቱም ጫፎቹ በብረት ይታሸጋሉ፤ ከዚያም በጀልባ ተጭኖ በኮሎምቢያ ወንዝ ሽቅብ በዚያው ግዛት ወዳለው የኑክሌር ቆሻሻ ማከማቻ፣ ወደ ሃንፎርድ፣ ይወሰድና እዚያ በተቆፈረ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ቀሪው አካሏ ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ይሸጣል።