መቅመቆ ቁስል ያድናል ከተባለ፣ ወቅጠን ብናደርገውስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አባቴ ስኳር አለባቸው። እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ አስቸገረችን። ጎረቤት መቅመቆ ወቅጣችሁ አድርጉባት ይላል። አይጥ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል የሚልም አነበብኩ። ታዲያ ለምን ፋርማሲ የለም? ቤት ብንሞክረውስ?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መጀመሪያ አባትህን ሐኪም ቤት ውሰዳቸው። ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ የወጣ ቁስል ከላይ ትንሽ መስሎ ውስጥ ውስጡን እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል፣ ነርቩ ስለሚደነዝዝ ሕመሙም ላይሰማቸው ይችላል። እሱን ጨርሰህ ና፣ የቀረውን እናወራለን።

ያነበብከው እውነት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት የመቅመቆ ሥር፣ ያው ለቅቤ የምንጠቀምበት፣ የአይጥ ቁስል ቶሎ እንዲድን ረድቷል። ግን በሙቀጫ የተወቀጠው አይደለም። ሥሩ ደርቆ ይፈጫል፣ ውሃና ሜታኖል የሚባል አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ፈሳሹ ተንኖ የቀረው ነው ተመጥኖ ቅባት ውስጥ የሚገባው።

እንዲህ ያለ ሙከራ ሲሠራ አይጧ ትደነዝዛለች፣ ጀርባዋ ይላጫል፣ ክብ ቆዳ ተቆርጦ ይነሳል። አንዱ ቡድን መድኃኒት የሌለው ባዶ ቅባት ይቀባል፣ ሌላው የታወቀ መድኃኒት፣ የቀሩት የተክሉን። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላኛው ፈተና ነው። ቆዳው በቀጥታ ይሰነጠቅና ይሰፋል፣ ከቀናት በኋላ ጫፉ ላይ ዕቃ ይንጠለጠልና ውሃ ይንቆረቆርበታል። ቁስሉ እስኪከፈት ብዙ ውሃ ከተሸከመ አዲሱ ቆዳ ጠንክሯል ማለት ነው። ባዶው ቅባት ለምን አስፈለገ ካልከኝ፣ ቁስል በራሱም ይድናላ! ሰፈር ውስጥ «ቀባሁት፣ ዳነ» ሲባል ባይቀባ ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል?

ፋርማሲ የሌለው ለምን መሰለህ፣ አይጥ ከቆዳዋ ሥር ስስ ጡንቻ ስላላት ቁስሏ በአብዛኛው ተኮማትሮ ነው የሚዘጋው። የሰው ግን ሥጋ ሞልቶ፣ ቆዳ ከዳር በቅሎ ነው። ደግሞ ያቺ አይጥ ጤነኛ ናት፣ ስኳር የለባት፣ ቁስሏም ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ላይ መሞከር አለ፣ እሱ ደግሞ ብዙ ብር ይፈልጋል። አብዛኛው ሥራችን አይጥ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ያናድዳል። የማይቻል ሆኖ አይደለም። በርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ጄል ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ የሚላጥ 223 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ በ45 ቀን ውስጥ ጄሉን ከተቀቡት 41 በመቶ የሚሆኑት ለሙከራው የተመረጠው ቁስላቸው ተዘጋ፤ ባዶ ጄል ከተቀቡት 29 በመቶ። አውሮፓ በ2022፣ አሜሪካ በ2023 ፈቀዱት።

ቤት ውስጥስ? አይሆንም። ሥር ከአፈር ነው የሚወጣው፣ አፈር ውስጥ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ አለ። ምናልባት ቀድማችሁ አድርጋችሁበት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት እንጂ አትደብቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም።