ልጇ በጭንቀት ለቀረችባት እህት

እህቴ አብሽሪ። ልጅሽ ጭንቀት ይዟት ሐኪም ጋ ወስደሻት፣ ትምህርት ቤቱ ግን «ያለ ፈቃድ ነው የቀረችው» እንዳለሽ ጽፈሻል። እኔም እዚሁ ደሴ በልጄ አይቼዋለሁ። ስለ ሕመሙ ሐኪሙ ይንገርሽ፤ እኔ የማውቀው ስለ ወረቀቱ ነው።

1. ወረቀቱን ሳታነቢ ከሆስፒታል ግቢ አትውጪ። «ታክማለች» ብቻ ካለ የሚሸፍንልሽ የሄዳችሁበትን ቀን ነው። «ከዚህ እስከዚህ ቀን እረፍት ያስፈልጋታል» የሚል፣ ማህተም ያለበት ይሁን። የኛ ሐኪም ቤት ትረፍ ያለን በቃል ነበር፤ የጻፈው ግን የመጣችበትን ቀን ብቻ። በመሀል የተሰጠ የሒሳብ ቴስት ዜሮ ተሞላባት። የደረጃ ተማሪ እኮ ናት! እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. የበሽታውን ስም ለማንም የመዘርዘር ግዴታ የለብሽም። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ደግ ነበሩ፤ የቸገረኝ ቢሮው ነው። እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቱን ገለባብጦ፣ ተማሪ ሞልቶ ባለበት «ምኗን ነው የሚያማት? ደህና አይደለች እንዴ?» አለኝ። ወባ ብለው ኖሮ «አላህ ያሽራት» ብሎ በሸኘኝ ነበር። ይህን የሚለው ደግሞ በጥቅምት 2014 የከባድ መሣሪያውን ድምፅ ከኛ ጋር የሰማ የከተማችን ሰው ነው። «ጋሼ፣ እረፍት ያዘዘው ሐኪም ነው፤ ጥያቄ ካለዎት ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጻፉ» አልኩት። ጭጭ አለ። ልጄ ይህን ስታወራ አሁንም ትስቃለች።

አሜሪካ ኢሊኖይ የምትባል ግዛት ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ተማሪ ለአእምሮ ጤናው በዓመት እስከ 5 ቀን ያለ ሐኪም ወረቀት መቅረት ይችላል። ያመለጠውንም ሥራ ያካክሳል። ለሰውዬው ብነግረው ተረት ይመስለው ነበር።

3. ኮፒ! ኦርጅናሉን አስገቢና ኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ ከነቀኑ አስፈርሚ። በኋላ «ወረቀት አልደረሰንም» ሲሉኝ ያወጣሁት የዚያኑ ሰውዬ ፊርማ ነው። አይኑን ባየሽው!

ጎረቤት ዓይን ነው፣ ምቀኛ ነው ይልሻል። ዱዓሽንም አድርጊ፣ ቀጠሮዋንም አታሳልፊ። ላመለጣት ቴስት ግን ነገ ጠዋት የትምህርቱን መምህር ራሱን አናግሪ። ማርኩ ሮስተር ላይ ከሰፈረ በኋላ ሁሉም «እኔን አይመለከተኝም» ነው የሚልሽ።